የስኳር ሕመምተኞች ድባቴ፦ በክትትል ክፍል ለምን አይጠየቅም?

የበኩር ልጅ (አዲስ አበባ)፦

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው። እናቴ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ከተገኘባት ዓመታት አልፈዋል። ክኒኗን በሰዓቱ የምትውጥ፣ ቀጠሮዋን የማታሳልፍ፣ ቤት ውስጥ የለካችውን ሁሉ በደብተር የምትመዘግብ ጠንቃቃ ሴት ነበረች። ከክረምቱ ወዲህ ግን ነገረ ሥራዋ ሁሉ ተለወጠ። ዕድር ትቀራለች፤ ጎረቤት ለቡና ሲጠራት ‹‹ዛሬስ ተዉኝ›› ብላ በሩን ትዘጋለች፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅታ ወፍ እስኪንጫጫ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ስንጠይቃት የምትመልሰው ‹‹አቅም አጣሁ፣ ሰውነቴ ዛለ›› ብቻ ነው። አዝኛለሁ ወይም ከፍቶኛል ብላ በቃሏ ተናግራ አታውቅም።

በቅርቡ የስኳር ደብተሯን ገለጥሁት። የሳምንታት ንባብ በሙሉ ከ118 እስከ 125 ባለው መካከል ነው፤ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቁጭታ የተሞላ መሆኑ ያስታውቃል። መለኪያውን ከመሳቢያ ሳወጣው ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። በቀጠሮዋ ዕለት አብሬያት ወደ ክትትል ክፍሉ ገባሁ። በባዶ ሆዷ የተለካው ስኳር 287 ሆኖ ካርዷ ላይ ተጻፈ፤ ‹‹ምን በልተው ነው እናቴ?›› ተባለች፤ እሷ መሬት መሬት እያየች ዝም አለች፤ የመድኃኒቷ መጠን ከፍ ተደረገና ቀጣዩ ታካሚ ተጠራ። ከማለዳ ጀምሮ ኮሪደሩን የሞላውን ሰልፍ ስላየሁ ባለሙያዋን ለመውቀስ አልደፍርም፤ ነገር ግን እንቅልፏን፣ ምግቧን፣ ሆዷን የከፋትን ነገር የጠየቃት አልነበረም።

ዘመዶቻችን ‹‹መጀመሪያውንም ስኳሩ በሐሳብ ነው የያዛት›› ይላሉ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ስኳሩ ነው እንዲህ ያደረጋት ወይስ እንዲህ በመሆኗ ነው ስኳሩ ያሻቀበው የሚለውን ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ ወዴት ልውሰዳት የሚል ነው፤ አማኑኤል ሆስፒታልን ገና ስሙን ሳነሳው ‹‹አበድኩ እንዴ?›› ብላ ተቆጥታለች።

ጤና መኮንን (ደብረ ብርሃን)፦

ወንድሜ፣ እናትዎን ሳላይ ድባቴ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፤ የዘረዘሯቸው ነገሮች በአንድ ላይ ሲታዩ ግን ሳይመረመሩ ሊታለፉ የማይገባቸው ናቸው። የስኳር ሕመም ካለባቸው ጎልማሶች ከአራቱ አንዱ ገደማ የድባቴ ምልክት እንደሚታይበት በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ፤ ይህም ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ባዩት ኮሪደር ከተሰለፉት መካከል እናትዎ ብቻቸውን እንዳልነበሩ እርግጠኛ ነኝ።

የቱ ቀደመ ለሚለው ጥያቄዎ፣ መንገዱ ባለ ሁለት አቅጣጫ ነው። የዘመዶችዎ አባባል አዲስ አይደለም፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው እንግሊዛዊ ሀኪም ቶማስ ዊሊስም የስኳር ሕመም ከረዥም ሐዘን ይመጣል ብሎ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንተና ድባቴ ያለባቸው ሰዎች በሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ60 በመቶ ከፍ እንደሚል፣ ስኳር ያለባቸው ደግሞ በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው በ15 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህ ማለት ሐዘን ብቻውን ስኳር ያመጣል ማለት አይደለም፤ ዘር፣ ውፍረትና ዕድሜ ትልቁን ድርሻ ይይዛሉ። ነገር ግን በጭንቀት ጊዜ የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ የከፋው ሰው አይንቀሳቀስም፣ በሥርዓት አይመገብም፣ መድኃኒቱንም ይዘላል። በእናትዎ ላይ ሁለቱም እየተመጋገቡ ሊሆን ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ምልክቶቹ መደራረባቸው ነው። ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የክብደት መቀነስ ከስኳር መጨመርም ከድባቴም ይመጣሉ። ሌሊት የሚነቁት ለሽንት ከሆነ ስኳሩን እጠረጥራለሁ፤ ለሽንት ሳይሆን ነቅተው እንቅልፍ እምቢ ካላቸውና ቀድሞ ያስደስታቸው የነበረው ቡናና ጨዋታ ትርጉም ካጣባቸው ግን ወደ ድባቴ አደላለሁ። ለማጣራት የሚያገለግሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ነገሮችን የመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ አጥተዋል ወይ? ሆድ የመባስ፣ የመከፋት ወይም ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ነበረዎት ወይ? ለአንዱ እንኳ መልሱ ‹‹አብዛኛውን ቀን›› ከሆነ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይከተላል። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 የሚቆጠር ሲሆን 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በባለሙያ በደንብ መታየት ይኖርበታል። መጠይቁ በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ብቁ ሆኖ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል፤ ስለዚህ መሣሪያ የለንም ማለት አንችልም።

ከዚሁ ጋር የደም ማነስና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ያሠሩላቸው። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን ለረዥም ዓመታት የሚወስዱ ከሆነም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊያጋጥም ይችላል፤ እሱም ድካምና የመንፈስ መውረድ ያስከትላል።

ስለ ደብተሩ እባክዎ አይቆጧቸው። ንባቡ ከፍ ባለ ቁጥር ‹‹ምን በልተው ነው?›› የሚባል ሰው መጨረሻው ላይ መለካቱን ይተዋል። ደግሞም አንድ ነገር በግልጽ ይጠይቋቸው፤ ‹‹ሞትን ተመኝተሽ ታውቂያለሽ ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይተክልም። አዎ ካሉ ብቻቸውን ሳይተዉ፣ መድኃኒታቸውን ሌላ ሰው እየያዘ እንዲሰጣቸው አድርገው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ከመርፌ ጋር ያደገ (ሐዋሳ)፦

እኔ የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለብኝና ከተማሪነቴ ጀምሮ ኢንሱሊን የምወጋ ሰው ነኝ። ከላይ በተጻፈው ላይ አንድ ልዩነት መጨመር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኔም በአንድ ወቅት ድባቴ አለብህ ተብዬ መድኃኒት ተጽፎልኝ ነበር፤ ችግሬ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

የእኔ ነገር ከስኳሩ ጋር መኖር መሰልቸት ነበር። ከጓደኞቼ ጋር ኳስ ሳይ እስቃለሁ፣ ሥራዬን እወደዋለሁ፣ እንቅልፌም ደህና ነው። መርፌውን፣ ስትሪፑን፣ የቀጠሮ ካርዱን ሳስብ ግን ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ይሰማኛል። ምግብ ቤት ውስጥ ሰው እንዳያየኝ ሽንት ቤት ገብቼ እወጋ ነበር። አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ስኳሬ ወርዶ ላብ ሲያጠምቀኝና ምላሴ ሲተሳሰር ረዳቱ ሰክሯል ብሎ አወረደኝ፤ ከዚያ በኋላ ስኳሬ እንዳይወርድ ስለምፈራ ሆን ብዬ ከፍ አድርጌ መያዝ ጀመርሁ። የጋብቻ ሽምግልና ሲታሰብም ‹‹ለልጆቹ አይተላለፍም ወይ?›› የሚለው ጥያቄ ከእኔ በፊት እየቀደመ ይሄዳል።

ይህን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከስኳር ሕመም ጋር የተያያዘ የመንፈስ ጫና ብለው ከድባቴ ለይተው ያዩታል፤ ራሱን የቻለ መጠይቅም አለው። የሚድነውም በሌላ መንገድ ነው። እኔን የረዳኝ ሀኪሜ የኢንሱሊኑን አወሳሰድ ከሥራ ሰዓቴ ጋር አስማምቶ ማቅለሉ፣ ስኳር ሲወርድ ምን ማድረግ እንዳለብኝ በደንብ መማሬና ከእኔው ብጤ ወጣቶች ጋር በየጊዜው መገናኘቴ ነው። ለጥያቄ አቅራቢው ወንድሜ የምመክረው፣ እናትዎ ደስታ ያጡት ከስኳሩ ጋር በተያያዘ ነገር ብቻ ነው ወይስ በሁሉም ነገር የሚለውን እንዲያስተውሉ ነው። የቡናውን ጥሪ መተዋቸው ወደ ሁለተኛው ያመዝናል፤ እርግጡን ግን ባለሙያ ይየው።

የሦስት ልጆች አባት (ባሕር ዳር)፦

ሐሳባችሁን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ይህ ውይይት የቅንጦት ይመስለኛል። እዚህ ኢንሱሊን አንዳንድ ጊዜ ከመንግሥት ፋርማሲ ጠፍቶ ከግል ስንገዛ የወር ደመወዝ ይናጋል። የስትሪፕ ዋጋ የማይቀመስ ስለሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚለካ ሰው እንኳ ዕድለኛ ነው። እንዲህ ባለ ኑሮ ላይ ያለ ሰው ቢከፋው ሕመም ሳይሆን ጤነኛነት ነው። ለሁለት መቶ ሰው ሁለት ነርስ ባለበት ክፍል ዘጠኝ ጥያቄ ጠይቁ ማለት ከየት በመጣ ጊዜ ነው? ቤተሰብ፣ ጸሎትና ጎረቤት እያለ ነገሩን ወደ ክኒን ማዞሩም አይዋጥልኝም።

ጤና መኮንን (ደብረ ብርሃን)፦

አባቴ፣ ስለ ዋጋው የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው፤ ዋጋው ራሱ ሰውን ለድባቴ ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ መሆኑንም እቀበላለሁ። ችግር ያመጣው ድባቴ ግን ምክንያቱ ስለታወቀ ብቻ አይለቅም። በመከራ የተገዛው ኢንሱሊን በትክክል እየተወሰደ ነው ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ ድባቴ የያዘው ሰው መርፌውን የመዝለል፣ ቀጠሮውን የመተውና እግሩን ያለማየት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እግሩ ቆስሎ ሲመጣ ደግሞ የሚወጣው ወጪ ከዘጠኝ ጥያቄ በብዙ ይበልጣል።

የጊዜው ነገር ከባድ መሆኑን በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያስጀመረውንና የአእምሮ ጤና ሕክምናን በተራ ጤና ጣቢያ ለመስጠት የታቀደውን መርሐ ግብር ቀድመው ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተካሄደው ፕሮጀክትም ነርሶችና ጤና መኮንኖች በሥልጠና የአእምሮ ሕሙማንን ማከም እንደሚችሉ አሳይቷል። ይሁንና እዚያው ሶዶ ድባቴን ለይቶ ማውጣት ከሌሎቹ ሕመሞች ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር፤ ከሥልጠና በኋላም ብዙው ሳይታወቅ ያልፍ ነበር። ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም፤ ታካሚው ከፍቶኛል ብሎ አይመጣም። ራሴን ይወጋኛል፣ ጀርባዬን ያቃጥለኛል፣ አቅም አነሰኝ ይላል፤ እኛም ለተነገረን ቦታ መድኃኒት እንጽፋለን።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ሁሉም ሰው በየቀጠሮው ዘጠኙን ይጠየቅ የሚል አይደለም። ሁለቱን ጥያቄዎች ግፊት የምትለካው ነርስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ስኳሩ ያለ ግልጽ ምክንያት ባሻቀበ ሰው ላይ ብትጠይቅ ይበቃል። ግፊት መለኪያው እስኪነፋና እስኪተነፍስ ባለው ጊዜ ያልቃሉ። ክኒንን በተመለከተም ቀለል ላለ ድባቴ የመጀመሪያው እርምጃ ክኒን አይደለም፤ የንግግር ሕክምና፣ የእግር ጉዞና ያቋረጡትን ነገር በጥቂቱ መልሶ መጀመር ይቀድማሉ። ቤተሰብዎና ጎረቤትዎ እዚህ ላይ የሕክምናው አካል ናቸው።

እህታችሁ (ደሴ)፦

ስለ ጾም ያነሳ ባለመኖሩ ጥቂት ልጨምር። አባቴ ስኳር ካለባቸው በኋላ ረመዳንን እንዳይጾሙ ሀኪም ሲከለክላቸው ከሁሉ የከበዳቸው ነገር ሕመሙ ሳይሆን ይህ ነበር። በሽተኛ እንዲተው ቁርኣኑ ራሱ እንደሚፈቅድ፣ ሊያካክሰው የማይችልም ሰው ፊድያ ከፍሎ ምስኪን እንደሚያበላ ያውቃሉ፤ ሆኖም በቀን ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። መስጊድ መሄድም ቀነሱ። የክርስቲያን ጎረቤታችንም በዐቢይ ጾም ከመድኃኒቷ ጋር በጠዋት መብላት ስላለባት ‹‹በእግዚአብሔር ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ?›› እያለች ታለቅስ ነበር። ለሁለቱም የረዳቸው የሀኪም ምክር ብቻ አልነበረም፤ አባቴን ያነጋገሩት ኢማሙ፣ እሷን ደግሞ የንስሐ አባቷ ናቸው። አስቀድመው ከጤና ባለሙያ ጋር የተነጋገሩ የሃይማኖት አባት ሲገኙ ሸክሙ በእጅጉ ይቀላል። ጠበል ወይም ዱዓ የሚሄድ ሰውም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲሄድ ከእነሱ አፍ ሲሰማው ይቀበላል።

ከነታንያ (እስራኤል)፦

እኛ ከኢትዮጵያ በመጣነው ቤተ እስራኤላውያን ዘንድ ነገሩ በሌላ መልኩ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1984ቱ ዘመቻ ሙሴና በ1991ዱ ዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የመጡት ወላጆቻችን ሲገቡ የስኳር ሕመም እምብዛም አይታይባቸውም ነበር፤ ምግቡ፣ እንቅስቃሴውና የአኗኗሩ ዘይቤ ሲለወጥ ግን ሕመሙ በፍጥነት ተስፋፋባቸው። ጤና ጥበቃው የተደራጀ ነው፤ መድኃኒትም አይጠፋም። የሚጠፋው የሚያናግር ሰው ነው። አያቴ ክሊኒክ ስትሄድ የምታስተረጉምላት የልጅ ልጇ ናት። ሀኪሙ በዕብራይስጥ ‹‹ስሜትሽ እንዴት ነው?›› ሲላት አያቴ በልጅቷ አፍ ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› ከማለት ሌላ ምን ትበል? በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፊት ሞትን እመኛለሁ ብላ አትናገርም። ከማኅበረሰባችን የወጡ አስተርጓሚ የጤና ሠራተኞች ባሉበት ክሊኒክ ግን ታሪኩ ሌላ ነው፤ አያቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሞተባት ልጅና ስለቀረው ቀዬዋ የተናገረችው ለእንዲህ ያለች ሴት ነው። ወንድሜ፣ እናትዎ ሲጠየቁ እርስዎም ከክፍሉ ቢወጡ ይሻላል እላለሁ።

ፋርማሲስት (መቀሌ)፦

የባለሙያው ውሳኔ የድባቴ መድኃኒት ይጀመር የሚል ከሆነ ታካሚዎች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ጤና ጣቢያ ላይ በብዛት የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን ነው። ርካሽ ነው፤ በዝቅተኛ መጠን ደግሞ የስኳር ሕመምተኞችን እግር የሚያቃጥለውንና የሚወጋውን የነርቭ ሕመም ያስታግሳል፤ በዚህም ምክንያት ለአንዳንዱ ሰው ሁለት ጥቅም ይሰጣል። በሌላ በኩል የምግብ ፍላጎትንና ክብደትን ስለሚጨምር ስኳሩን ሊያስቸግር ይችላል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያስተኛል። ፍሉኦክሴቲን ክብደት ላይ ብዙም አይከብድም፤ ነገር ግን ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከወትሮው ይበልጥ መለካት አለበት። ንባቡ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ላብና መንቀጥቀጥ ከመጣ ስኳር የገባበት ነገር ጠጥቶ ለሀኪሙ ያሳውቅ።

ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ቶሎ መተው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች መሥራት የሚጀምሩት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይተው ሲሆን የጎን ጉዳታቸው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያል። ስለዚህ ታካሚው ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ ያቆማል። የተሻለውም ሰው ቢያንስ ለስድስት ወር ያህል መቀጠልና ሲያቆምም በሀኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ ይኖርበታል። ሱስ ያስይዛሉ የሚለው ወሬ ስለ እነዚህ መድኃኒቶች ትክክል አይደለም።

የበኩር ልጅ (አዲስ አበባ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እናቴን ወደዚያው ወደምትከታተልበት ቦታ መልሼ እወስዳታለሁ፤ ‹‹ድካምሽን በደንብ ይዩልሽ›› ስላት እሺ ብላለች፤ እኔም ስትጠየቅ ውጭ እጠብቃለሁ። ለፋርማሲስቷ እህቴ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እናቴ የደም ግፊት ክኒንም ትወስዳለች። ጎረቤታችን ‹‹ለእንቅልፍ ፍቱን ነው›› ብላ የራሷን አሚትሪፕቲሊን ልትሰጣት ፈልጋለች። እስከ ቀጠሮዋ ድረስ ማታ ማታ ግማሹን ብትወስድ ችግር አለው?

ፋርማሲስት (መቀሌ)፦

እባክዎ አይስጧቸው። አሚትሪፕቲሊን ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲሆን ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል ደሙ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል፤ በእናትዎ ዕድሜ ያለ ሰው ሌሊት ተነሥቶ ከወደቀ ደግሞ ስብራት ያመጣል። የልብ ሕመም ካለ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የልብ ምርመራ ያስፈልጋል። ለቀጠሮው ሲሄዱ እናትዎ የሚወስዱትን ሁሉ፣ የስኳሩንም፣ የግፊቱንም፣ ቤት ውስጥ የሚጠጡት የባህል መድኃኒት ካለም እሱን ጨምረው በአንድ ፌስታል ይያዙና ለሚያያቸው ባለሙያ ያሳዩ። የዓይን ጠብታ የሚጠቀሙ ከሆነም አይርሱት፤ የዓይን ግፊት ያለበት ሰው አሚትሪፕቲሊን ሳይመረመር መጀመር የለበትም።